ግቢ ውስጥ የቆመችን ቮልስ ማደስ፦ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ግቢው አሮጌ ቮልስ ያቆመ ሰው ምክር አይቸግረውም። ጎረቤት፣ ሹፌር፣ በያጅ፣ ሁሉም የሚለው አለው። አብዛኛው በቅን ልብ የሚነገር ነው። ግን በዚህ ምክር ስንት ጤነኛ ሞተር ያለ ጊዜው ወርዶ ተፈታ፣ ስንት የበሰበሰ ወለል ቀለም ተቀባ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«መጀመሪያ ቀለም ትቀባ፣ ሌላው ይደርሳል»

ኪስ የሚያራቁተው ይሄኛው ነው። ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው። መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንሱ። ባትሪው እዚያ ስር፣ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ምንጣፉን ገልብጡና በባትሪው ዙሪያ ያለውን ላሜራ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል፣ አንዳንዴ ካቻቢቴው በስቶ ያልፍና መሬቱ ይታያል። ለዓመታት ከባትሪው የወጣው አሲድ ሥራውን የሠራው እዚያ ነው።

ቀጥሎ በሮቹ ስር ያሉትን ረጃጅም ሣጥን መሰል ክፍሎች እዩ። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በእነሱ ውስጥ ነው። ግን ሥራቸው ይሄ ብቻ አይደለም፤ ቦዲውን ቀጥ አድርገው የያዙትም እነሱ ናቸው። ሁለቱንም በአንዴ ቆርጣችሁ ካወጣችሁ ቦዲው ይዛባል፣ ከዚያ በኋላ በር እሺ ብሎ አይዘጋም። አንዱን ጎን ጨርሱ፣ የበሩን ክፍተት ለኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍማ ዝገቱን መደበቅ ነው። ስቱኮ እርጥበት ይስባል፣ ከስር ያለው ብረት መበላቱን ይቀጥላል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ቀለሙ አብጦ ታገኙታላችሁ። የተበላው ተቆርጦ ይውጣና አዲስ ላሜራ ይበየድ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ ወንበሮቹም ይውጡ። የቮልስ የቤንዚን ታንከር ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ስር ስለሆነ በዚያ በኩል የሚበየድ ነገር ካለ ታንከሩ መውረድ አለበት። ይህን «ለአንዴ ነው፣ ችግር የለውም» ለሚል በያጅ አሳልፋችሁ አትስጡ።

ባትሪውን ስትመልሱ ደግሞ መሸፈኛውን አትርሱ። ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። ቁመቱ ረዘም ያለ ባትሪ ያስገባ ሰው ይህን ዛሬውኑ ይፈትሽ።

«ሸራ ካለበስካት አትዝግም»

የላስቲክ ሸራ ዝናብ ይከላከላል፣ እርጥበት ግን አፍኖ ይይዛል። እኛ ጋ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ። ጠዋት ሸራውን ገለጥ ብታደርጉ ላሜራው ላይ ውሃ ተንጠባጥቦ ታያላችሁ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ከሸራ በብዙ ይሻላል።

«ጥቁር ጭስ ካወጣች ሞተሯ አልቋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው በዚህ ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ አየር በተለካው መጠን ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ በዛ፣ አየሩ አነሰ፣ ጭሱ ጠቆረ፣ ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ዋና ጄት (ቤንዚን ለክታ የምታሳልፈዋ ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ) መግጠም ነው። ሶሌክስ በሚባለው የቮልሱ ካርቡራቶር ላይ ይህ ጄት ከጎን በኩል ካለ ቡሎን ጀርባ ይገኛል፣ ካርቡራቶሩን ማውረድ እንኳን አያስፈልግም። የሚያሳስበው ጭስ ሰማያዊው ነው፣ እሱ የዘይት ነው።

ሌላም አለ። የሞተሩን ግፊት በጌጅ የለካ መካኒክ «መመሪያው 100 ይላል፣ ያንተ 70 ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ሊላችሁ ይችላል። የመመሪያው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። እዚያ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ሞተር እዚህ 70 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ፣ ያኔ የቫልቩን ክፍተት አስተካክላችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልተሻሻለ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ስለማውረድ ይታሰብ።

«አገሩ ብርድ ነው፣ ሞተሯ አይግልም»

ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፣ አየሩ ደግሞ ሳስቷል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሞተሩን የከበቡት ቆርቆሮዎች እና ዳር ዳሩን የሚዘጋው ጎማ ሁሉም በቦታቸው መሆን አለባቸው። «ይሄ ምን ይሠራል» ተብሎ የተጣለ ቆርቆሮ ካለ ፈልጋችሁ መልሱት። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ትንሽ ሲጎድል ብዙ ነው። ፋኑ ያለው ዲናሞው ዘንግ ላይ ስለሆነ ሁለቱን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። የቻርጅ ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። እዚያው ቆማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ እዩ።

«ሊፍት ከሌለ ሞተር አይወርድም»

ይወርዳል። የቮልስን ሞተር ካምቢዮ ላይ የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ሁለት ሰውና ጥሩ ክሪክ ይበቃል። ግን ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ድንጋይ ደርድሮ ስር መግባትም ክልክል ይሁን፣ ድንጋይ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ወፍራም ግንድ ወይም የብረት መደገፊያ ተጠቀሙ።

«መለዋወጫ የለም፣ የቤንዚን መኪናም ተከልክሏል»

በ2016 ዓ.ም. የተከለከለው የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ነው፣ ያለውን መንዳት አይደለም። ሊብሬው ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይግጠም፣ ምርመራውን ትለፍ፣ ቦሎ ይለጠፍ፣ በቃ። ዕቃውን በተመለከተ፣ ይህች መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርታለች፣ ቁጥሯም ከ21 ሚሊዮን ይበልጣል። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ጠይቁ። አዲሱ ዕቃ በትክክል መግጠሙን ሳታዩ ግን አሮጌውን አትጣሉ፤ ጠርጋችሁ የመለሳችሁት የድሮ ዕቃ ከአዲሱ ቅጂ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ፍሬኗ ይይዛል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ»

ሜዳ ላይ መያዝ ሌላ፣ ጣርማ በርን አልፎ መውረድ ሌላ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ። አብዛኞቹ ቮልሶች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። ታምቡር ሲግል መያዙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የጎማ ቱቦዎቹም አብረው ይቀየሩ፤ ውጪያቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን የሚያግቱ አሉ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ቀረ ማለት ነው።

ሲወረድ በሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ይያዛት። ለደብረ ብርሃን ያጠበባችሁት ጄትም ሸዋ ሮቢት ላይ ቤንዚን ያሳንስና ሞተሩን ያግላል፣ ስለዚህ የድሮውን ጄት ይዛችሁ ውረዱና እዚያ ለመቆየት ካሰባችሁ ቀይሩት። ስትደርሱ መኪናዋን አቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ አራቱም ጎማ ጠጋ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ የፍሬን ሸራው ሳይለቅ ቀርቷል። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ጎማ ቁልቁለቱን ሁሉ ያለ ፍሬን ነው የወረደው።