ቅድመ ጥገና ምንድን ነው? የትኛው ዕቃስ ሳይበላሽ ይቀየራል?

«መኪናው ሰላም ነው፤ እየሄደ ያለን ነገር ምን አስነካው?» የሚለውን ንግግር ጋራዥ ደጃፍ ላይ ያልሰማ የለም። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሞተር ያስወርዳል።

ቅድመ ጥገና ማለት አንድን ዕቃ ሥራውን እስኪያቆም ሳይጠብቁ፣ ኪሎ ሜትሩ ወይም ዕድሜው ሲደርስ መቀየር ነው። ዘይትና ፊልትሮ ስንቀይር ሁላችንም እናደርገዋለን። ሁሉም ነገር እንዲህ ይቀየር ከተባለ ግን ኪስ አይችለውም፣ አስፈላጊም አይደለም። የፊት መብራት አምፖል እስኪቃጠል ቢቆይ ምንም አይደል። የፍሬን ሸራም በየጊዜው ከታየ እስኪሳሳ ይሠራል። እኔ ዕቃውን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ቢበላሽ ጦሱ ለሌላ ይተርፋል ወይ?

ታይሚንግ ቺንጋን እንውሰድ። ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ከሚሉት ፒስተኖች ጋር የተያያዘውን የታች ዘንግ፣ የአየርና የጭስ በር የሆኑትን ቫልቮች ከሚከፍተው የላይ ዘንግ ጋር ያገናኛል። የታችኛው ሁለት ዙር ሲዞር የላይኛው አንድ ዙር ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ቫልቩ መንገድ መልቀቅ አለበት። ቺንጋው ሲበጠስ የላይኛው ዘንግ ቀጥ ይላል። ፒስተኑ ግን መምጣቱን አያቆምም፤ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቭ ይታጠፋል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ይወርዳል፣ አንዳንዴም ፒስተን ይሰነጠቃል።

የቆዩት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች 2ኤልና 3ኤል የናፍጣ ሞተሮች እንዲህ ያሉ ናቸው። ቺንጋቸው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ሰዓቱ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። ልብ በሉ፦ መብራቱ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው፤ ቺንጋው መሰንጠቁን ወይም ዘይት መጠጣቱን አያውቅም። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ ማጥፋትም ይቻላል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች «መብራቱ አልበራም» በሚል ብቻ እንዳትተማመኑ።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ በነበረው 4ኤ ሞተር፣ ኤፍኢ በሚባለው፣ ቺንጋ ቢበጠስ መንገድ ላይ መቆም ነው እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም። ቪትዝና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ደግሞ በካቴና፣ ማለትም በብረት ሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ካቴና በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይቀየርም፤ ዕድሜው ግን በዘይቱ ንጽሕና ላይ ነው።

ጦሱ ለሌላ የሚተርፍ ሌላም ዕቃ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም። የራዲያተር ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በ90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ውስጥ የሚያምቀው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱን ከለቀቀ ውሃው ይፈላል፣ ይተናል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቴስታታ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ይቃጠላል። ክዳኑን ከፍቶ ጎማውን ማየት ግን ደቂቃ አይፈጅም፤ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሁን እንጂ።

ስለዚህ መካኒካችሁን መጀመሪያ «የኔ በቺንጋ ነው በካቴና?» በሉት። ቺንጋ ከሆነና መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ሲፈታ መወጠሪያውና በአጠገቡ ያሉት የዘይት ማሸጊያ ጎማዎች አብረው ይታዩ። አንዱ ቢያፈስ አዲሱን ቺንጋ ያበላሸዋል፣ የእጅ ዋጋውም ድጋሚ ይከፈላል። የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ቀን ጽፋችሁ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ለጥፉ፤ ነገ መኪናውን ለሚገዛችሁም ይጠቅማል።