የወሎ ተራሮች ድሮና ዘንድሮ በፎቶ

የአየር ንብረት ለውጥን በዓይን ለማሳየት የበረዶ ግግር ፎቶ የሚያህል የለም። ተራራው አንዴ ይነሣል። ከዓመታት በኋላ እዚያው ቆሞ ደግሞ ማንሣት ነው። ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ በረዶውን ማጣቱን በዚህ መንገድ ሕፃንም ይረዳዋል።

ወሎ ግግር የለውም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው አቡነ ዮሴፍ እንኳ የጧቱ ውርጭ ረፋድ ላይ የለም። እዚህ የሚነጻጸረው ዛፍ፣ ማሳና ቦረቦር ነው።

መነሻው መቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች መጥተው ነበር። ያኔ ፎቶ የሚነሣው በብርጭቆ ላይ ነው። ብርጭቆው መድኃኒት ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ መነሣት፣ ሳይደርቅም መታጠብ አለበት። ስለዚህ ጨለማ ድንኳኑም መድኃኒቱም በእንስሳ ተጭኖ ያን ሁሉ ገደል ወጣ። እንግሊዞቹ አምባውን አቃጥለው፣ ቅርሱን ጭነው ሄዱ። ፎቶው ግን ሳያስቡት ለእኛ ጠቀመ። የቤልጂጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የዘመቻውን ፎቶዎች ይዘው ቦታዎቹን ደግመው አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፤ ሰሜኑ ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ዛፍ አለው።

ከዚያ ቀደም ብሎ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሡ የወሎ ፎቶዎችን እ.ኤ.አ. በ1997 ከተነሡት ጋር አስተያይቷል። እሱም ያገኘው ያንኑ ነው፤ ዛፉ በዝቷል። «አገሩ ድሮ ደን ብቻ ነበር» የሚለው ወሬ ቢያንስ ለወሎ አይሠራም። የወሎ ገበሬ ዛፍ ተካይ ነው። በርግጥ ብዙው ባሕር ዛፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ደን ይባላል ወይ የሚለው ክርክር አላለቀም።

በንጉሡ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎችም አሉ። የ1977ቱ ድርቅ ፎቶዎች ዓለምን ቢያዳርሱም የሚያሳዩት ሰውን እንጂ መሬቱን አይደለም።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ የጋራው ጫፍ ከድሮው ፎቶ ጋር ይገጠማል። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለው ቋጥኝ። አንድ እርምጃ ከተሳተ ቋጥኙ ከጋራው ጋር አይገጥምም። ወሩም መግጠም አለበት። የመቅደላው ፎቶ የሚያዝያ ነው። አደይ ፈንድቶ መስከረም ላይ የተነሣ ፎቶ አጠገቡ ቢቀመጥ ወሎ ገነት ትመስላለች።