ስለ አህመድ ዘወይል የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ግብፃዊው ኬሚስት አህመድ ዘወይል እ.ኤ.አ. በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ወሰደ። ዝናው ሲገንን ወሬውም አብሮ ተጋነነ።

«ፌምቶ ሰከንድ ሌዘርን የፈለሰፈው እሱ ነው»

አይደለም። እጅግ አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎችን በማመንጨት የቀደሙት ሌሎች ናቸው፤ በተለይ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች። እሱ ብልጭታውን ሞለኪውል ሲበጠስ ለማየት ተጠቀመበት። ፌምቶ ሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል ነው።

«አቶሞችን ፎቶ አነሳ»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። በጋዜጠኞች ብቻ አይፈረድም፤ የኖቤል ሸላሚዎቹም የዓለም ፈጣኑ ካሜራ ብለውታል። በ1987ቱ ዝነኛ ሙከራ ግን ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። አዮዲን፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ያሉበት ጋዝ ነው የተፈተሸው። አንድ ብልጭታ ሞለኪውሉን ሲመታው አዮዲኑ ከካርቦኑ መላቀቅ ይጀምራል። ሁለተኛው ብልጭታ ዘግየት ብሎ ይደርስና የተላቀቀው የካርቦንና የናይትሮጅን ቁራጭ ብርሃን እንዲሰጥ ያደርገዋል። የሚለካው ያ ብርሃን ነው።

ሁለተኛውን ብልጭታ በምን ያዘገዩታል? በመስታወት! መስታወቱ ሲንቀሳቀስ የብርሃኑ መንገድ ይረዝማል። መንገዱ 0.3 ማይክሮሜትር በጨመረ ቁጥር ብልጭታው 1 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ለኔ ከሌዘሩ በላይ የሚገርመው ይሄ ብልሃት ነው። በየመዘግየቱ ደጋግመው ይለካሉ፤ ከነጥቦቹ ግራፍ ይወጣል። የአዮዲኑና የካርቦኑ ትስስር በ200 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ እንደሚበጠስ የታወቀው እንዲህ ነው።

«ሁሉንም ብቻውን ሠራው» የሚሉም አሉ። ሽልማቱ የአንድ ሰው ቢሆንም በ1987ቱ ሥራ ተመራማሪዎቹ ማርኮስ ዳንተስ እና ማርክ ሮስከርም ነበሩበት።

«በሳይንስ ኖቤል ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ»

የመጀመሪያው ግብፃዊ ቢባል ልክ ነው። የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ማክስ ታይለር ግን በ1951 በሕክምና ቀድሞታል።

«አሜሪካ ገብቶ አገሩን ረሳ»

ይሄኛው በደል ነው። በ1946 ደማንሁር ተወልዶ እስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ዶክትሬቱን ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ ከ1976 ጀምሮ ካልቴክ (የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም) አስተማረ። እዚያ ሆኖም ግብፅ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ እንዲቋቋም ወተወተ። መሠረቱ በ2000 ቢጣልም ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ከ2011ዱ አብዮት በኋላ ነው የተነሳው። ዘወይል በ2016 አሜሪካ ሞተ፤ የተቀበረው ግን ግብፅ ነው።