ባሕር ዳርን ጣሊያን አልሠራትም

አስጎብኚ ነኝ። አንዲት ነገር በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እሰማለሁ፤ «ባሕር ዳርን እኮ ጣሊያን ነው የሠራት።» የሚሉኝ ደግሞ የአገሬ ልጆች ናቸው። ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰፊውን መንገድና ዘንባባውን እያየ «ጣሊያኖች ሲያውቁበት!» አለኝ። አንጀቴ አረረ።

እንግዶች ከሚሳሳቱት ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከተማው ውስጥ አይደለም፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የደንገል ታንኳም ለቱሪስት ፎቶ የመጣ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች የሚሠሩት፣ ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንጨት ሲያመላልስ የኖረ የጭነት ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ጣሊያን። የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ 5 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እዚህ የባሕር ዳር ጊዮርጊስ መንደር ነበረ። ካህኑ፣ ገበሬው፣ ወይጦው ይኖርበት ነበር። በጊዮርጊስ ግቢ የቆመው የድንጋይ ግንብ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ከኢየሱሳውያን ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። ዛሬ ሰፈር የምንለው ሽምብጥም ያኔ ገጠር ነበር።

መንደሩ ከተማ የሆነው ከነፃነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት ላከለት። በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ። እንግዳዬ ያደነቀው ሰፊ መንገድ የመጣውም በዚያው ዘመን የጀርመን ባለሙያዎች ካወጡት ፕላን ነው።

«ፋብሪካውን ግን ጣሊያን ነው የሠራው» ይሉኛል ደግሞ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ገንዘቡ የጦርነት ካሳ ነው። ጣሊያን ለወረራው የከፈለው ዕዳ ነው። ቤትህን ያቃጠለ ሰው ካሳ ቢከፍልህ «ቤት ሠራልኝ» ብለህ ታመሰግነዋለህ?

እናቴ እዚያ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ሠርታለች። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ የጥጥ ብናኝ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ላይ ተለጥፎ ይነጣ ነበር። ሻይዋን እስክትጠጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ በጣቴ አነሳላታለሁ። እንቅልፍ እያዳፋትም ትስቃለች። ከተማዋን ማን ሠራት ስባል የሚታየኝ ያ ፊት ነው።

ስትመጡ ከጀልባው በፊት ጊዮርጊስ ግቢ ግቡ፤ ነጠላ አትርሱ። ግንቡን ዞራችሁ እዩት። የሥራ ባልደረቦቼም እባካችሁ «ካሳ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ከዚያ ከፋብሪካው ጡረታ የወጣ ሰው ፈልጉና «መጀመሪያ የገቡ ቀን እንዴት ነበር?» በሉት። ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።