መኪና ከቤት ወደኋላ ሲወጣ ቅድሚያ የማን ነው?

በካሊፎርኒያ ብዙ አሽከርካሪዎችን የሚያደናግረው፣ የቤታቸው መኪና መውጫ የግላቸው ቢሆንም የሚያቋርጠው የእግረኛ መንገድ የሕዝብ መሆኑ ነው። የተሽከርካሪ ሕጉ አንቀጽ 21952 አሽከርካሪው የእግረኛ መንገዱን ከመርገጡ በፊት በዚያ ለሚመጣ እግረኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ አንቀጽ 22106 ደግሞ ያለ አደጋ መንቀሳቀስ እስኪቻል ድረስ ወደኋላ መንዳትን ይከለክላል።

«ካሜራ አለኝ» ብሎ መዘናጋት በእኔ እምነት ትልቁ ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በአሜሪካ የኋላ እይታ ካሜራ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ ቢሆንም፣ ደንቡ እንዲታይ የሚጠይቀው ከመኪናው ጀርባ 3 ሜትር ገደማ ስፋትና 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎረቤት አጥር ጥግ እየሮጠ ብቅ የሚል ሕፃን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምናልባት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ይቁም፣ አሽከርካሪውም ግራና ቀኙን በዓይኑ ይመልከት።