ባሕርይና አደጋ ያለው ውሳኔ በወጣትነት ዕድሜ

አንዳንዱ ወጣት መሪ ሲጨብጥ ይከንፋል። ሌላው ደመወዙን በቤቲንግ ይጨርሳል። ሁለቱንም «ደፋር» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ድፍረት በምንለው ነገር ውስጥ የተለያዩ ባሕርያት አግኝተዋል።

በብዛት የተጠናው ጠንካራ ስሜትንና አዲስ ነገርን የመሻት ባሕርይ ነው። አሜሪካዊው ማርቪን ዙከርማንና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን መለኪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዙከርማን ኋላ ላይ በአራት ከፈለው፦ ጀብድ መውደድ፣ አዲስ ተሞክሮ መፈለግ፣ ራስን አለመግታትና ቶሎ መሰልቸት። ባሕርዩ በጉርምስና ይጨምራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ቀስ እያለ ይበርዳል። ከፍጥነት፣ ከመጠጥና ከቁማር ጋርም በተደጋጋሚ ተያይዞ ተገኝቷል።

ችኩልነት ግን ሌላ ነው። ገደል የሚወጣ ስፖርተኛ ገመዱን ደጋግሞ ይፈትሻል። ስሜቱን ይፈልገዋል እንጂ አይቸኩልም። ይህን ልዩነት ሳያዩ ጀብደኛውን ልጅ ሁሉ ግድየለሽ ማለት በደል ነው። ተመራማሪዎች የሰውን ባሕርይ ከሚከፍሉባቸው አምስት ዋና ዋና ዘርፎች መካከል ጥንቁቅነት ከአጉል ውሳኔ ይከላከላል። ከሰው ጋር መሆንና መጫወት የሚወድ፣ ለአዲስ ነገርም ክፍት የሆነ ሰው ደግሞ በአማካይ ይበልጥ ይደፍራል።

አስቸጋሪው መለካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተዋወቀ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ፊኛ ይነፋል። በነፋ ቁጥር ጥቂት ሳንቲም ይጠራቀምለታል። ፊኛው ከፈነዳ ከዚያ ፊኛ ያገኘውን ሁሉ ያጣል። ዋናው ነገር የት ላይ እንደሚያቆም ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን በእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ላይ ጥርጣሬ አሳደረ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 36 የሆነ ከ1,500 በላይ ሰዎች በ39 መለኪያዎች ተፈተኑ። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት መልስ እርስ በርሱ ይስማማል፤ ከወራት በኋላም ብዙ አልተለወጠም። የጨዋታዎቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ እምብዛም አይገናኝም። በአንዱ ጨዋታ የደፈረ በሌላው ሊፈራ ይችላል።

ባሕርይም ብቻውን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ 306 ሰዎችን በመኪና መንዳት ጨዋታ ፈተኑ። ታዳጊዎቹና ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉት ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ የበለጠ ደፈሩ። በዕድሜ በሰሉት ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ከዚህ ጋር በሚስማማ መልኩ፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ ገና ያወጡ ታዳጊዎች የሚጭኑት የእኩያ ቁጥር በሕግ የተገደበ ነው።