የሰመጠ መርከብ የነዳጅ ፍተሻ ምንድን ነው?

«ባሕሩ ላይ ዘይት አይታይም፤ ነዳጁ ድሮ ፈስሶ አልቋል።» ስለ ሰመጠ መርከብ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚጽፍ አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የሶናር ምስል ለጥፎ «ይኸው፣ ባዶ ነው» አለን። ወንድሜ፣ ሶናር በድምፅ ሞገድ የሚያይ መሣሪያ ነው፤ የሚያሳይህ ቅርጽ ነው። ብረቱ ውስጥ ያለው ዘይት ይሁን ውሃ አይነግርህም። ይህን የሚለየው የነዳጅ ፍተሻ ነው፤ የሰመጠው መርከብ ታንኮች ውስጥ ነዳጅ መቅረት አለመቅረቱን ይለካል።

እስቲ ጀሪካን አስቡ። ላምባ ሙሉትና ክዳኑን ከፍታችሁ፣ አፉን ቁልቁል አድርጋችሁ በርሜል ውሃ ውስጥ ድፈቁት። ላምባው ከውሃ ስለሚቀል ሽቅብ ይገፋል እንጂ በታች በኩል አይወጣም። አፉን ወደ ላይ ብታዞሩት ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ትንሽ ካዘነበለ ግን ውስጡ ባዶ የሆነው እጀታ ውስጥ የገባው ላምባ እዚያው ይቀራል። መርከብ እንዲህ ያለ «እጀታ» በየጥጉ አለው። ጀሪካን ግን አይዝግም። መርከብ ይዝጋል፤ ዛሬ ያልፈሰሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሊፈስ ይችላል።

ጄከብ ላከንባክ የተባለው የአሜሪካ ጭነት መርከብ በ1953 እ.ኤ.አ. ከሌላ መርከብ ተጋጭቶ ሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ሰመጠ። ክረምት በመጣና ማዕበል በተነሳ ቁጥር ዘይት የተለወሱ ወፎች ዳርቻው ላይ ይገኙ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። መነሻው የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. የዘይቱ ናሙና ሲመሳከር ነው። የዚያኑ ዓመት ከ100,000 ጋሎን በላይ ተቀዳ። በቅዝቃዜው ስለጠጠረ እያሞቁ ነው ያወጡት። በመሃል ስንት ጸጥ ያለ ወቅት አለፈ! ያኔ የኛ ሰው ቢጠየቅ «ባዶ ነው» ይል ነበር።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? አንዱ መንገድ ኒውትሮን (አቶም ውስጥ ያለች ደቂቅ ቅንጣት) የሚረጭ መሣሪያ ነው። ጠላቂ ወይም ሮቦት መሣሪያውን ታንኩ ግድግዳ ላይ ያስጠጋዋል። ፈጣን ኒውትሮን ብረቱን አልፎ ይገባል፤ ሃይድሮጂን ሲገጥመው ፍጥነቱ ይሰበራል። ዝግ ብሎ የተመለሰው ይቆጠራል።

«ሃይድሮጂን ካገኘ ዘይት ነው ማለት ነው» የሚል ደግሞ አለ። ውሃውስ? እሱም ሃይድሮጂን ሞልቶታል! የሚለያቸው ጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ዝግ ያሉትን ኒውትሮኖች ይውጣል፤ ስለዚህ ባሕር ውሃ ካለበት ቆጠራው ዝቅ ይላል። ከላይ ወደ ታች እየለኩ ሲወርዱ ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታ የዘይቱና የውሃው ድንበር ነው። ጨው የሌለው ሐይቅ ላይ ግን ይህ ብልሃት ብዙም አይሠራም። ብረቱ ላይ የበቀለው ዛጎል በደንብ ካልተፋቀም ቁጥሩ አይታመንም። ከግድግዳው ወዲያ የሚያየውም ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍ።

ስለዚህ በመጨረሻ ይቦረቦራል። መጀመሪያ ቫልቭ ግድግዳው ላይ ይታሰራል፤ መሰርሰሪያው በቫልቩ ውስጥ አልፎ ይበሳል፤ ሲወጣ ቫልቩ ይዘጋል፤ ጠብታ አያመልጥም። ናሙናውም በዚያው ይቀዳል። ያለዚህ «ባዶ ነው» የሚላችሁ ካለ፣ የትኛውን ታንክ፣ የትኛው ጥጉ ላይ እንደለካ ጠይቁት።